በጎልማሳነት የተነበበ የልጆች መጽሐፍ፤ ስለ «ምድረ ባሕር አስማተኛ» የቀረበ ሒስ

«የልጆች መጽሐፍ» የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ እንደ ልጅ ልብስ ይቈጠራል፤ ሰው ካደገ በኋላ ይጠበዋልና ለታናሽ ወንድም ይተላለፋል እንጂ ተመልሶ አይለበስም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አስተያየት ቢያንስ በአንድ መጽሐፍ ላይ የማይሠራ መሆኑን ማስረዳት ነው። መጽሐፉ አሜሪካዊቷ ደራሲ ኡርሱላ ሌጉዊን በ1968 ያሳተሙት ሲሆን፥ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የምድረ ባሕር አስማተኛ» ሊባል ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

እኔ ይህን መጽሐፍ ያነበብሁት በዐርባ ሦስት ዓመቴ፥ የማታ ክፍል ተማሪ ከሆንሁ በኋላ ነው። ትምህርት በሌለኝ ምሽት ለዐሥራ ሁለት ዓመት ልጄ እየተረጐምሁ አነብለት ነበር። ልጄ የወደደው ዘንዶውን ነው፤ እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ጥላው ነው። በአንድ መብራት ሥር ተቀምጠን ሁለት የተለያዩ መጻሕፍት ማንበባችን ከምን የተነሣ ነው ብዬ ማሰብ ስጀምር የዚህ ሒስ ሐሳብ መጣ። የምከራከርለትም ነጥብ ይህ ነው፤ መጽሐፉ ለልጅ የሚሰጠው ጀብዱ ነው፤ ለጎልማሳ ግን ያለፈ ዕድሜውን ሒሳብ ይጠይቀዋል። ዘግይቶ የመጣ አንባቢም ከመጽሐፉ የቀረበት ነገር አለ ብሎ ማዘን አይገባውም።

፩. መጽሐፉና ደራሲዋ

ወይዘሮ ኡርሱላ ሌጉዊን በ1929 በካሊፎርንያ፥ በበርክሌይ ከተማ ተወለዱ፤ በ2018 ዐረፉ። አባታቸው አልፍሬድ ክሮበር በካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ የታወቁ የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ነበሩ። እናታቸው ቴዎዶራ ክሮበር ደግሞ በ1961 ኢሺ ስለሚባል ሰው የሕይወት ታሪክ ጽፈዋል። ኢሺ ወገኖቹ ካለቁበት በኋላ በ1911 ብቻውን ከካሊፎርንያ ተራሮች የወረደ የያሂ ሕዝብ ተወላጅ ነበር። በሕዝቡ ልማድ ሰው የገዛ ስሙን ለባዕድ አይናገርም ነበርና እውነተኛ ስሙን ሳይገልጽ በ1916 ሞተ። «ኢሺ» ብለው የሰየሙት ክሮበር ናቸው፤ ትርጓሜውም በቋንቋው «ሰው» ማለት ነው። ደራሲዋ የተወለዱት ኢሺ ከሞተ ከ13 ዓመት በኋላ ነው፤ ስለዚህ አላዩትም። ይሁን እንጂ ስም እንደ ሀብት የሚሰወርበት ልማድ ለዚያ ቤት እንግዳ ነገር እንዳልነበረ መገንዘብ ይጠቅማል።

በ1967 የፓርናሰስ ማተሚያ ቤት ባለቤት ከፍ ከፍ ላሉ ልጆች የሚሆን መጽሐፍ እንዲጽፉ ጠየቋቸው። ደራሲዋ ኋላ እንደ ገለጹት የድርሰቱ መነሻ አንድ ቀላል ጥያቄ ነበር። በተረት የምናገኛቸው አስማተኞች ሁሉ ጢማቸው የነጣ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ታዲያ ጢማቸው ከመንጣቱ በፊት ምን ነበሩ? ጥበቡንስ ከማን ተማሩት? ከዚህ ጥያቄ በሮክ ደሴት ላይ የሚገኘው የአስማተኞች ትምህርት ቤት ተወለደ። ዛሬ አንባቢ ሁሉ ስለ አስማተኞች ትምህርት ቤት ሲሰማ የሚያስበው በ1997 መታተም የጀመረውን ሃሪ ፖተርን ነው። ያን ቀድሞ ያነበበ ሰው የሌጉዊን መጽሐፍ ሲያጋጥመው ቅጂ ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን ይህኛው በ29 ዓመት ይቀድማል።

፪. ታሪኩ ባጭሩ

ምድረ ባሕር ደሴቶች ብቻ ያሉበት ዓለም ነው። ጎንት በምትባል ተራራማ ደሴት አንድ የናስ አንጥረኛ ልጅ አለ፤ እናቱ ገና ዓመት ሳይሞላው ሞታበታለች፤ ፍየል ይጠብቃል። ከአክስቱ በሰማው ቃል ወፎችን መጥራት ስለሚችል ሰዎች «ጭልፊት» ይሉታል። ጠላት መንደሩን በወረረ ጊዜ ጉም ጠርቶ መንደሩን ይሰውራል። ይህን የሰሙት አረጋዊው አስማተኛ ኦጊዮን እውነተኛ ስሙን ጌድ ብለው ይሰይሙታል፤ ደቀ መዝሙራቸውም ያደርጉታል። ጌድ ግን የመምህሩን ዝምታ መታገሥ አይችልም፤ ክብርና ኃይል ይቸኩላልና ወደ ሮክ ይሄዳል።

በሮክ ከጃስፐር ጋር ይፎካከራል። ጃስፐር በዕድሜ ይበልጠዋል፤ ከትልቅ ቤትም የመጣ ነው። አንድ ሌሊት በትዕቢት ተነሣሥቶ የሞተች ንግሥት መንፈስ ልጥራ ሲል የዓለም መጋረጃ ይቀደዳል፤ በቀዳዳውም መልክ የሌለው ጥላ ወጥቶ ፊቱን ይቦጫጭረዋል። ቀዳዳውን ለመዝጋት የትምህርት ቤቱ አለቃ ኔመርል ያላቸውን ኃይል ሁሉ አፍስሰው ይሞታሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የጥላውና የጌድ ታሪክ ነው። በመጀመሪያ ጥላው ያሳድደዋል፤ በኋላ እርሱ ጥላውን ያሳድዳል፤ በመጨረሻም የሰው እግር ባልደረሰበት ባሕር ላይ ይገናኛሉ።

፫. ስምና አስማት

የመጽሐፉ ፍልስፍና በስም ላይ የተመሠረተ ነው። ድንጋይም፥ ቅጠልም፥ ዘንዶም፥ ሰውም በጥንቱ ቋንቋ እውነተኛ ስም አለው፤ ስሙን ያወቀ ነገሩን ያዝዛል። ስለዚህ በምድረ ባሕር ሰው የሚጠራበት የአደባባይ ስም አለው፤ እውነተኛ ስሙን ግን በሕይወቱ ለሚያምነው ሰው ብቻ ይነግራል።

እዚህ ላይ የአማርኛ አንባቢ የእንግሊዝኛ አንባቢ የሌለው ዕድል አለው። የመጽሐፉን ርእስ ለመተርጐም ስሞክር «ጠንቋይ» የሚለውን ቃል ተውሁት፤ ጠንቋይ ዕጣ የሚጥል እንጂ የተማረ ሰው አይደለም። «መተተኛ»ም ክፋት ብቻ ነው። የቀረኝ «አስማተኛ» ነበር፤ ስመረምረውም ከሁሉ የተሻለው እርሱ ሆኖ አገኘሁት። በግእዝ «ስም» የሚለው ቃል ሲበዛ «አስማት» ይሆናልና። አስማት ማለት በመሠረቱ «ስሞች» ማለት ነው፤ ቃሉ የምትሀት ትርጓሜ ያገኘው ኅቡእ ስሞችን በመጥራት ኃይል ይገኛል ከሚለው እምነት የተነሣ ነው። በብራና ተጽፈው በአንገት የሚንጠለጠሉት ክታቦች የእግዚአብሔርን ኅቡእ ስሞች ይደረድራሉ፤ የባለ ክታቡም የክርስትና ስም በውስጣቸው ይጻፋል። ብዙ ሰው የክርስትና ስሙን ለማንም የማይገልጸው፥ በስሙ መተት እንዳይሠራበት ከመፍራት የተነሣ እንደ ነበር ከአያቶቻችን ሰምተናል። ሌጉዊን ይህን ከእኛ ወሰዱ የሚል ማስረጃ የለም፤ እንዲህ ያለው እምነት በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ይገኛል። ሆኖም እንግሊዛዊው አንባቢ እንደ ልብ ወለድ የሚቀበለውን ነገር የእኛ ቋንቋ በአንዲት ቃል ተሸክሞት ኖሯል።

ደራሲዋ ግን በዚህ እምነት ላይ አንድ ነገር ይጨምራሉ፤ እርሱም ትምህርት ነው። በሮክ ስም የሚያስተምሩት መምህር በተለየ ግንብ ይኖራሉ፤ ተማሪዎቹም ቀኑን ሙሉ የእያንዳንዱን ሣርና የእያንዳንዱን የባሕር ወሽመጥ ስም በቃል ያጠናሉ። ኃይል ማለት ነገሩን አንድ በአንድ ማወቅ ነው። ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገርም አለ። ወደ ትምህርት ቤቱ ለመግባት ተማሪው የገዛ ስሙን ለበረኛው መናገር አለበት። ለመውጣት ደግሞ የበረኛውን ስም ማወቅ አለበት። ጌድ በምንም ጥበብ ሊያውቀው እንደማይችል ከተረዳ በኋላ ሄዶ «ስምህ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ በረኛውም ይነግረዋል። ልጄ በዚህ በጣም ሳቀ። እኔ ግን ለትምህርት ማስረጃ ሲባል ከተሰጡ ፈተናዎች ሁሉ ይህ ትክክለኛው መሰለኝ፤ አላውቅም ብሎ መጠየቅ የቻለ ተማሪ ተመረቀ ማለት ነው።

፬. ጥላው የማን ነው?

የመጽሐፉ ዋና ጥያቄ ይህ ነው። በአማርኛ «ጥላ» የሚለው ቃል የፀሐይ መከላከያ ብቻ አይደለም። «ዓይነ ጥላ» ስንል የሰውን ዕድል የሚያጨልም፥ ሥራው እንዳይቃና የሚያደርግ መንፈስ ማለታችን ነው። ዓይነ ጥላ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ሰው ይይዛል፤ በጸበል ወይም በክታብ ይባረራል። የሌጉዊን ጥላም በመጀመሪያ እንዲሁ ይመስላል። ጌድን ከደሴት ወደ ደሴት ያባርረዋል፤ ኃይሉን ይመጥጠዋል፤ በኦስኪል ምድር በሰው ገላ ተሰውሮ በመንገድ ላይ አብሮት ይሄዳል። አንባቢውም እንደ ጌድ፥ «ይህን ጠላት የሚያባርር ቃል የቱ ነው?» እያለ ገጹን ይገልጣል።

ነገር ግን በኦስኪሉ መንገድ ላይ ሊስተዋል የሚገባ ነገር አለ። ጥላው ጌድን በእውነተኛ ስሙ ይጠራዋል። ይህን ስም የሚያውቁት እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ታዲያ ጥላው ከየት አወቀው? ደራሲዋ መልሱን ወዲያው አይሰጡም። መልሱ የሚታወቀው በመጨረሻው ምዕራፍ ነው። በዚያ ባሕሩ እንደ አሸዋ ይሆናል፤ ጌድም ከጀልባው ወርዶ በእግሩ ይሄዳል። ጥላው ወደ እርሱ ሲመጣ መልኩ ይለዋወጣል፤ በመጀመሪያ አንጥረኛ አባቱን ይመስላል፤ ቀጥሎ ጃስፐርን፤ ቀጥሎም ልጁን ሊያድንለት ያልቻለውን ወዳጁን ፔችቫሪን። እኔ እንደምረዳው እነዚህ በዘፈቀደ የተመረጡ ፊቶች አይደሉም። ሰው «ለዚህ ያበቃኝ እርሱ ነው» ብሎ የሚያመካኝባቸው፥ ወይም የሚያፍርባቸው ፊቶች ናቸው፤ የጨከነ አባት፥ የናቀ ባልንጀራ፥ የበደልነው ወዳጅ። እነዚህ ሁሉ አልፈው መጨረሻ ላይ የሚቀረው ፊት የለሹ ነገር ነው። ያን ጊዜ ጌድና ጥላው በአንድ አፍ አንድ ስም ይናገራሉ፤ ስሙም «ጌድ» ነው። ጥላው ስሙን ያወቀው ስሙ የራሱም ስለ ሆነ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ከዩንግ የሥነ ልቡና ትምህርት የተቀዳ አድርገው ያዩታል። ደራሲዋ ግን መጽሐፉን በጻፉበት ጊዜ ዩንግን ገና እንዳላነበቡ ተናግረዋል፤ ዝምድናውን ያሰቡበት በኋላ ነው። ስለዚህ ታሪኩን የንድፈ ሐሳብ ምሳሌ አድርጎ ከማንበብ እንደ ታሪክ ማንበቡ ይሻላል።

፭. ዘግይቶ የመጣ አንባቢ

አሁን በልጄና በእኔ ንባብ መካከል ወደ ነበረው ልዩነት እመለሳለሁ። ልዩነቱን በሦስት ቦታዎች አየሁት።

አንደኛው የኦጊዮን ዝምታ ነው። ጌድና መምህሩ በዝናብ ይጓዛሉ፤ ኦጊዮን ዝናቡን በአንድ ቃል ሊመልሱት ሲችሉ ዛፍ ሥር ተጠልለው ይተኛሉ። ልጄ እንደ ጌድ ተናደደ፤ «ታዲያ አስማተኛ መሆን ምን ይጠቅማል?» አለኝ። ይህ ደግሞ ራሱ ጌድ በልቡ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ጎልማሳ አንባቢ ግን ችሎታውን ሁሉ በየአጋጣሚው የሚያሳይ ሰው ምን እንደሚያተርፍ አይቷል፤ ስለዚህ ከኦጊዮን ጋር ዛፉ ሥር ይተኛል።

ሁለተኛው የፔችቫሪ ልጅ ሞት ነው። ጌድ ጀልባ ሠሪ የሆነውን የወዳጁን ሕፃን ለማዳን ሲል የሕፃኑን ነፍስ እስከ ሙታን አገር ይከተላል። የመድኃኒት መምህሩ ለሚሞት ነፍስ መንገድ መልቀቅ እንደሚገባ አስተምረውታል፤ እርሱ ግን አባትዮውን «አልቻልሁም» ማለት አቃተው። ሕፃኑም ሞተ፤ ጥላውም ጌድን በሙታን አጥር አጠገብ ጠብቆ አገኘው። ልጄ ይህን ምዕራፍ ፈጥነን እንድናልፈው ፈለገ፤ ዘንዶው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነውና። እኔ ግን ጥፋት ከትዕቢት ብቻ ሳይሆን ከፍቅርም ሊመጣ እንደሚችል የሚናገር የልጆች መጽሐፍ ከዚህ በፊት አላጋጠመኝም።

ሦስተኛው ስለ ራሴ የሚናገር በመሆኑ ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን ያለ እርሱ ክርክሬ አይሟላም። ጌድ ከሽሽት ብዛት ጭልፊት ሆኖ፥ ሰውነቱን ሊረሳ ጥቂት ሲቀረው፥ ወደ ኦጊዮን ቤት ይመለሳል። ኦጊዮንም፥ እስከ ሸሸህ ድረስ መንገድህን የሚመርጥልህ ጠላትህ ነውና ዘወር በል፤ አሳድደው፤ የሚል ምክር ይሰጡታል። ይህን ሳነብ ድምፄ ተቋረጠ። በሃያ ዓመቴ ትምህርቴን አቋርጬ ነበር። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ለጠየቀኝ ሁሉ የምነግረው አንድ መምህር እንደ በደለኝ ነው። እውነቱ ግን ሳልዘጋጅ ፈተና ገብቼ፥ ዘወትር ከምፎካከረው ባልንጀራዬ በታች መሆኔ እንዳይታወቅ ወረቀቴን ትቼ መውጣቴ ነው። ያን መምህር ከሃያ ዓመት በላይ ጥላዬ አድርጌው ኖሬአለሁ። ይህን መጽሐፍ በዐሥራ ሁለት ዓመቴ ባነብበው ኖሮ ዘንዶውን እወድ ነበር፤ የሚመልስልኝ ፊት ግን ገና አልነበረኝም። ጥላው ትርጕም የሚኖረው ለጥላ የሚበቃ ዕድሜ ላለው ሰው ነው።

፮. የመጽሐፉ ጕድለት

ይህ ሁሉ ሲባል መጽሐፉ እንከን የለሽ አይደለም። የኦስኪሉ ምዕራፍ ከሌሎቹ ይደክማል። ጌድን የምታስተው ሴሬት በሌሎች ተረቶች ደጋግመን ያየናት ቈንጆና ከዳተኛ ሴት ናት፤ የራሷ ሕይወት የላትም።

ይህም ወደ ትልቁ ጕድለት ይመራናል። በሮክ ትምህርት ቤት ሴት አትማርም። የሴቶች አስማት ደካማና ክፉ ነው የሚል አባባል በጎንት ሕዝብ ዘንድ የተለመደ ሆኖ ይቀርባል፤ ታሪኩም ይህን አይቃወምም። ጌድን የመጀመሪያውን ቃል ያስተማረችው አክስቱ ሆና ሳለ፥ ክብሩ ሁሉ ለኦጊዮንና ለሮክ መምህራን ይሰጣል። በመጨረሻ የምናገኛት የቬች እኅት ያሮውም ወንድሟና ጌድ ወደ ባሕር ሲሄዱ ከቤት ትቀራለች።

በሌላ በኩል ደራሲዋ ስለ ሰው መልክ ያደረጉት ነገር በ1968 የሚያስደንቅ ነበር። ጌድ መልኩ ቀይ ዳማ፥ ታማኙ ወዳጁ ቬች ደግሞ ጥቁር ነው፤ ከሩቅ መጥተው መንደር የሚያቃጥሉት ወራሪዎች ነጮች ናቸው። ደራሲዋ ይህን በአዋጅ አይናገሩም፤ አንባቢው ጀግናውን ከወደደ በኋላ መልኩን በጨዋታ መካከል ይነግሩታል። በ2004 ታሪኩ በአሜሪካ ለቴሌቪዥን ሲሠራ ጌድን ነጭ ተዋናይ እንዲሆነው በተደረገ ጊዜ ደራሲዋ በጽሑፍ ተቃውመዋል።

ስለ ሴቶቹ የተነሣውን ጕድለት ግን ከማንም ይበልጥ የመረመሩት ራሳቸው ደራሲዋ ናቸው። በ1971 እና በ1972 ሁለት ተከታይ መጻሕፍት ካወጡ በኋላ ለ18 ዓመት ወደ ምድረ ባሕር በአዲስ መጽሐፍ አልተመለሱም። በ1990 «ቴሃኑ»ን አሳተሙ። በዚህ መጽሐፍ ጌድ ኃይሉን ሁሉ አጥቶ ወደ ጎንት ይመለሳል፤ እንደ ልጅነቱም ፍየል ይጠብቃል። ታሪኩ የሚነገረው ባሏ በሞተባት በቴናርና ሰዎች በእሳት ባቃጠሏት አንዲት ሕፃን በኩል ነው። በ1992 በኦክስፎርድ ባደረጉትም ንግግር የጀግና ታሪክ ሁሉ የወንድ ታሪክ ነው የሚለውን ልማድ ሳይመረምሩ ተቀብለው እንደ ነበር አስረድተዋል።

ይህ ለእኔ ክርክር ከፍ ያለ ማስረጃ ነው። ደራሲዋ ራሳቸው የገዛ መጽሐፋቸው ዘግይተው የመጡ አንባቢ ሆኑ። በስድሳ ዓመታቸው ተመልሰው ሲያነቡት በሠላሳ ስምንት ዓመታቸው ያላዩትን ጥላ አዩበት። ሳይሸሹም፥ በሌላ ሰው ሳያመካኙም፥ የእኔ ነው አሉ። ጌድ በባሕር መጨረሻ ያደረገውን ደራሲዋ በብዕር አደረጉት።

፯. መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው ይህ መጽሐፍ ዝቅ ብሎ ለልጅ የተጻፈ አይደለም። ከፍ ያለውን ነገር ልጅ በሚያየው መጠን ያስቀምጠዋል፤ ጎልማሳው ተመልሶ ሲመጣ የቀረው በቦታው ይጠብቀዋል። ስለዚህ ሁለት ሐሳብ ላቅርብ። አንደኛ፥ «የልጆች» ተብሎ በመደርደሪያ የተለየውን ሁሉ ከጥናታችን ውጭ ማድረግ አይገባንም፤ በሥነ ጽሑፍ ክፍላችን ሊመረመር የሚገባው ጥቂት አይደለም። ሁለተኛ፥ ይህን መጽሐፍ ወደ አማርኛ መመለስ የሚፈልግ ሰው «አስማት» እና «ጥላ» የሚሉት ቃላት በቋንቋችን ያላቸውን ጥልቀት አስቀድሞ እንዲያስብበት አሳስባለሁ፤ የትርጕሙ ግማሽ ሥራ በእነርሱ ተሠርቶ ይቈየዋልና።

የመጨረሻውን ገጽ ከዘጋን በኋላ ልጄ፥ «ታዲያ ማን አሸነፈ?» ብሎ ጠየቀኝ። ማንም አላሸነፈም፥ ማንም አልተሸነፈም ብዬ መለስሁለት፤ መልሱ ደስ አላሰኘውም። መጽሐፉ በቤት ይቀመጣል። ጥያቄውን በሌላ ዕድሜ እንደገና እንደሚያነሣው ተስፋ አለኝ።